ፊፋ የማይከፍት ጌም ማሽን ጎንደር ምን ይሠራል?

ሰሞኑን ጌም ቤቴ ውስጥ ከአርሰናል ቀጥሎ የሚወራው ሊወጣ ነው ስለተባለው አዲስ የጌም ማሽን፣ ስለ ስቲም ማሽን ነው። በተለይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ ተማሪዎች አላስቀምጥ ብለውኛል። ቲክቶክ ላይ ያዩትን ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ እነዚህን አሮጌ ፒኤስ ፎሮች ሽጥና ይሄን አስገባ እንጂ» ይሉኛል። ጋሼ የምባለው የሆነ ነገር ሲፈልጉ ነው። ተሸንፈው ሂሳብ ስጠይቅ «ብሮ» እሆናለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ከፒያሳ ወደ አራዳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። አራት ፒኤስ ፎርና አንድ ፒኤስ ፋይቭ የሚባሉ የሶኒ ፕሌስቴሽን ማሽኖች አሉኝ። ከሰዓት እስከ ምሽት ልጆቹ ይጫወታሉ። ጠዋት ቤቱ ጭር ሲል የተበላሸ እጠግናለሁ። ከአዘዞም ይመጣልኛል፣ ከደባርቅም ይመጣልኛል። ስለዚህ አዲስ ማሽን ሊወጣ ነው ሲባል ቀድሜ የማስበው ስለ ምስሉ ውበት አይደለም። ምኑ ነው የሚግለው? ምኑ ነው ቶሎ የሚበላሸው? መለዋወጫውስ መርካቶ ይገኛል ወይ?

ማሽኑን አልናቅሁትም። አንዳንድ ነገሩ እንዲያውም ያስቀናል። ለእኔ ቤት ግን የሚሆን አይመስለኝም። በሌላውም አገር ቢሆን ሲወጣ እንደሚወራለት መሸጡን እጠራጠራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ባለቤት የሆነው ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ሦስት ዕቃዎችን አስተዋወቀ። ስቲም ማሽን፣ አዲስ ስቲም ኮንትሮለርና ስቲም ፍሬም የሚባል የቪአር መነጽር። በፈረንጆቹ 2026 መጀመሪያ ላይ ይወጣሉ ተባለ። ዋጋ አልተነገረም። ጥር 27 ደግሞ ኩባንያው ብቅ ብሎ የሜሞሪና የማከማቻ እጥረት ስለበዛ ዋጋውንም ቀኑንም እንደገና እያየን ነው አለ። ሐሳባችን ግን ዓመቱ ሳይጋመስ ማውጣት ነው አለ። ያኔም ቁርጥ ያለ ዋጋም ቀንም አልሰጠም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ።

የመጀመሪያ ሙከራቸውም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በዚሁ ስም ማሽኖች ወጥተው ነበር። ያኔ ዕቃውን የሠሩት ኤሊየንዌርን ጨምሮ ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው። ቫልቭ የሰጠው ሶፍትዌሩን ነው። ሶፍትዌሩ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት)፣ ጌሞቹ ለዊንዶውስ የተሠሩ። ስቲም ላይ ከሞላው ጌም የሚከፍተው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ታዲያ ማን ይገዛል? ገበያው ቀዝቅዞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከስቲም ዋና ማውጫ ላይ ድምፃቸውን አጥፍተው አነሷቸው። ዛሬ ስለ ስቲም ማሽን የሚያወራኝ ተማሪ ያኔ የስንተኛ ክፍል ልጅ እንደነበር አስቡት።

ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ነገር ተለውጧል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። አንደኛው ፕሮቶን ነው። በዚያው በ2018 የወጣ፣ የዊንዶውስ ጌምን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው በእጅ የሚያዘው ስቲም ዴክ ነው። አንድ ከውጭ የመጣ ልጅ ይዞልኝ መጥቶ ከፍቼ አይቼዋለሁ። የኋላ ብሎኖቹ በተራ ካቻቪቴ ይፈታሉ። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ የሚነቀለው ይነቀላል፣ የሚገጠመው ይገጠማል። ማሽን የሚጠግን ሰው ይከፍተዋል ብለው አስበው ነው የሠሩት። እንዲህ የሚያስብ ኩባንያ ብዙ አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ አዲሱ ውስጥ እንግባ።

ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ዜን 4 ነው፣ ስድስት ኮር። ግራፊክሱ አርዲኤንኤ 3 ሲሆን 28 የማስሊያ ክፍሎች አሉት። ራሙ 16 ጊጋ ነው። ለግራፊክሱ ብቻ የተለየ ደግሞ 8 ጊጋ ሜሞሪ አለ። የእኔ ጥርጣሬ የሚጀምረው ከዚች 8 ነው።

ፒኤስ ፋይቭ 16 ጊጋ ሜሞሪ አለው። ያንን ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም በጋራ ይጠቀሙበታል። ጌም ሠሪው ለየትኛው ምን ያህል እንደሚሰጥ ራሱ ይወስናል። ስቲም ማሽን ላይ ግን መሐል ላይ አጥር አለ። 16ቱ ለብቻ፣ 8ቱ ለብቻ። የአዳዲስ ጌም ምስሎች ደግሞ ጥራቱ ከፍ ሲል 8 ጊጋን መሙላት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሲሞላ የተረፈው ወደ ዋናው ራም ይላካል። የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ይታያል? ጌሙ ጥርት ብሎ እየሄደ ድንገት ቆም ይላል፣ ይቀጥላል፣ ደግሞ ቆም ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በ90ኛው ደቂቃ ቢመጣ እኔ ቤት ጠብ ነው። ተሸናፊ ከፋይ በሆነበት ቤት ሁሉም ሰበብ ይፈልጋል።

ቫልቭ ማሽኑ 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ያጫውታል ይላል። ኤፍኤስአር የሚባለውን ምስል ማሳደጊያ ጨምሮ ነው ታዲያ። ማለትም ጌሙ በአነስተኛ ጥራት ይሠራና ሶፍትዌሩ አሳድጎ ያሳየዋል። ነውር የለበትም፣ ፕሌስቴሽንም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። እኔ ቤት ደግሞ 4ኬ ቴሌቪዥን የለም። በ1080 ከሆነ 8 ጊጋው ለጊዜው ይበቃል።

የሚያሳስበኝ ለጊዜው የሚለው ነው። እነዚህ የእኔ ፒኤስ ፎሮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የወጣ ማሽን ናቸው። ያኔ የመጡት በ8 ጊጋ ሜሞሪ ነው፣ ምንም እንኳ በጋራ የሚጠቀሙት ቢሆን። ከዚያ ይኼ ሁሉ ዓመት አልፎ አዲስ የሚባለው ማሽን ግራፊክስ ላይ ያው 8 ጊጋ ነው። ጌም ቤት ያለው ሰው ማሽን የሚገዛው ለአንድ ዓመት አይደለም። ሞተሩ እስኪያቃስት ያሠራዋል።

ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው ኤችዲኤምአዩም 2.0 ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ከአዲሱ 2.1 በታች። ልጆቹ በዚህ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የቺፑ አይደለም። የኤችዲኤምአይን ደረጃ የሚያወጣው ማኅበር 2.1ን በክፍት የሊኑክስ ድራይቨር እንዲሠሩበት ስላልፈቀደ ነው። ለእኛ ቴሌቪዥን ለውጥ የለውም።

የሚደነቀውን ደግሞ ላድንቅ። ራሙ ተነቅሎ የሚቀየር ነው፣ እንደ ላፕቶፕ። ጌሙ የሚቀመጥበት ኤስኤስዲውም ይቀየራል። ፒኤስ ፎር ላይ ሃርድ ዲስኩን እንጂ ራሙን መንካት አይታሰብም። ግን የግራፊክሱ 8 ጊጋ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። የሚያንሰው እሱ፣ የማይቀየረውም እሱ።

ስለ ሙቀት ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እዚህ ላይ ብዙም አልፈራም። ፕሮሰሰሩ 30 ዋት፣ ግራፊክሱ 110 ዋት ነው የተመደበለት። ፒኤስ ፋይቭ ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ ይስባል። ስቲም ማሽን በየጎኑ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሳጥን ነው። ከውስጡ ብዙውን ቦታ የያዘው ሙቀት ማስወጫው ነው፣ ከኋላ ትልቅ ፋን አለው። ትልቅ ፋን ቀስ ብሎ ዞሮ ብዙ አየር ስለሚገፋ ድምፁ አይረብሽም።

ግን እኛ ያለነው ጎንደር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የበለጠ መሮጥ አለበት። ከተማዋ ቀዝቃዛ መሆኗ ይረዳል እንጂ በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አምስት ቴሌቪዥን በርቶ፣ ሃያ ልጅ እየተነፈሰ ሙቀቱ ሌላ ነው።

ሁሉንም የሚያስንቀው ደግሞ አቧራው ነው። ባለፈው አንድ ፒኤስ ፎር እንደ አውሮፕላን ይጮኻል ብለው አመጡልኝ። ክዳኑን ሳነሳ የሙቀት ማስወጫው ቀጫጭን ብረቶች አልታዩኝም። ከፋኑ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ አቧራው እንደ ባዘቶ ተጠቅጥቆ ግድግዳ ሠርቷል። በወረንጦ ስስበው ሳይበጠስ አንድ ላይ ወጣ። ቺፑ ላይ ያለው ሙቀት የሚያሻግረው ፔስት ደርቆ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁት፣ ፋኑን በብሩሽ አጸዳሁት፣ ማታ ድምፁ ጠፋ። ፒኤስ ፎር ይሄን ሁሉ ይችላል። ፒኤስ ፋይቭ ውስጥ በፔስት ፈንታ ፈሳሽ ብረት ስላለ እሱን ስከፍት እጄ ይከብደኛል፣ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ከፈሰሰች አለቀ። ስቲም ማሽን ምን ያህል አቧራ እንደሚችል የሚታወቀው አንድ በጋ እዚህ ሲያድር ነው።

መብራት ደግሞ ሌላ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከውስጥ ነው፣ ከ110 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ለጉዞ ጥሩ ነው፣ ውጭ የሚንጠለጠል ጡብ የለም። እኛ ጋ ግን ችግሩ መብራት መጥፋቱ ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም ነው። ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንዴ ዘሎ ይመጣል። ስታቢላይዘር የሌለው ሰው የመጀመሪያ ደንበኛዬ ይሆናል። የፒኤስ ፎር ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል ከአሮጌ ማሽን ነቅዬ እገጥማለሁ፣ ካጣሁ አዲስ አበባ ደውዬ በአውቶቡስ ይላክልኛል። የስቲም ማሽን ቢቃጠል የት ልደውል? ቫልቭ ዕቃውን የሚሸጠው ስቲም ዴክን በሚሸጥባቸው አገሮች ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ አውስትራሊያና የመሳሰሉት። ኢትዮጵያ የለችበትም። ዕቃው ቢመጣ እንኳ ያለ ዘመድ ነው የሚመጣው።

ዋጋውን በተመለከተ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ። ቫልቭ በኪሳራ አልሸጥም ብሏል። ተመሳሳይ አቅም ያለው ኮምፒውተር በሚሸጥበት ዋጋ አካባቢ ነው የሚሆነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኮንሶል ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ማሽኑን በርካሽ አውጥተው ትርፉን ከጌሙ ሽያጭ ይለቅማሉ። ቫልቭም ስቲም ላይ ከሚሸጠው ጌም 30 ከመቶ ይወስዳል። ታዲያ ለምን አይደጉመውም?

ምክንያቱም ማሽኑ የተዘጋ አይደለም። የፈለግከውን የምትጭንበት ኮምፒውተር ነው። ቢደጎም ቢሮዎች በጅምላ ገዝተው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ አንድም ጌም አይገዙም። ተረት እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ2010 እ.ኤ.አ. 1,700 ከሚበልጡ ፒኤስ ስሪዎች ሱፐር ኮምፒውተር ሠርቷል። ያኔ ለዋጋው ያንን ያህል አቅም የሚሰጥ ሌላ ዕቃ ስላልነበረ ነው። ሶኒ ከእነዚያ ማሽኖች ምን ጌም ሸጠ? ቫልቭ ይህን ያውቃል።

በላዩ ላይ የራም ነገር መጣ። ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት ትላልቅ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠረጉት ነው። የዓለምን ራም በብዛት የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ማይክሮን በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ክሩሻል የሚለውን ለተራ ገዢ የሚሸጠውን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ። ክሩሻል ራም ስንት ላፕቶፕ ላይ ገጥሜአለሁ! ሰሞኑን ለአንድ ደንበኛ 8 ጊጋ ራም ስጠይቅ ባለሱቁ ዋጋ ነግሮኝ ሲያበቃ «ይሄ የዛሬ ነው፣ ነገ ብትመጣ አላውቅም» አለኝ። የሽንኩርት ገበያ ላይ ያለሁ መሰለኝ። እንግዲህ 16 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ የግራፊክስ ሜሞሪ፣ በላዩ ደግሞ ትንሹ 512 ጊጋ ትልቁ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ያለው ማሽን በዚህ ጊዜ በምን ዋጋ ይወጣል? ኩባንያው ራሱ ዝም ያለው ወድዶ አይመስለኝም።

ሌሎቹም እየጨመሩ ነው። ፒኤስ ፋይቭ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ባለ ዲስኩ 499 ዶላር ነበር የወጣው። በነሐሴ 2025 ወደ 549 ከፍ አለ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በዚያው ዓመት ጥቅምት 649 ደረሰ። ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክሳል፣ ድሃም ጠብቆ ይገዛ ነበር። አሁን ሲያረጅ ይወደዳል።

ከዚያ ወደ ብር ስትመነዝረው ደግሞ ሆድ ይባስህ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። 500 ዶላር 28,500 ብር ማለት ነው። ዛሬ ያው 500 ዶላር 70 ሺህን አልፏል። የእኔ ቤት የአንድ ግጥሚያ ሂሳብ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነው። ማሽኑ ራሱን የሚከፍለው መቼ ነው?

«ታዲያ ወንድምህ ይላክልሃ» ይሉኛል። ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው። ለሚቀጥለው ጥምቀት መምጣቱ ነው። እሱም ራሱ በቴሌግራም «ወንድም ጋሼ፣ ሲወጣ አንድ ልያዝልህ? ሻንጣ ውስጥ ይገባል» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ 2.6 ኪሎ ነው ክብደቱ። በነፃ የመጣ ነገር እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ፊፋ ይከፍታል ወይ?»

ዝም አለ። ቆይቶ ሊንክ ላከልኝ። አይከፍትም።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው። ጎንደር ውስጥ ጌም ቤት ማለት ኳስ ማለት ነው። ጂቲኤ የሚጫወት አለ፣ ሞርታል ኮምባት የሚጫወት አለ። ወረፋው ግን ለፊፋ ነው። ስሙ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፣ ልጆቹ ግን ዛሬም ፊፋ ነው የሚሉት። አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይገባል። የከተማችን ክለብ አፄዎቹ በሚጫወቱበት ቀን እንኳ ከጨዋታው በኋላ ቤቱ ይሞላል።

ይህ ጌም ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አንቲቺት የሚባል አጭበርባሪ የሚከላከል ሶፍትዌር አለው። የዊንዶውስን ሥር ድረስ ገብቶ ነው የሚቆጣጠረው። ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ስቲም ማሽን ደግሞ ስቲም ኦኤስ ነው፣ ስቲም ኦኤስ ሊኑክስ ነው። ፕሮቶን የቱንም ያህል ቢራቀቅ ይሄን በር አይከፍትም፣ ምክንያቱም የተቆለፈው ከጌሙ ባለቤት በኩል ነው። ፎርትናይትም፣ ቫሎራንትም፣ አዳዲሶቹ ኮል ኦፍ ዲዩቲዎችም እንዲሁ። ጂቲኤ ኦንላይን በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ከሊኑክስ ተዘጋ።

አሁን ይሄን አስቡት። በመስከረም 2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ለፒኤስ ፎርም ወጥቷል። በ2013 ለወጣው ማሽን! ያ አቧራ የበላው፣ ፔስቱ የደረቀው፣ እኔ በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ያስነሳሁት ፒኤስ ፎር የዘንድሮውን ፊፋ ይከፍታል። በእጥፍ ድርብ የሚበልጠው አዲሱ ማሽን አይከፍትም። ኮሩም ጊጋውም ምን ዋጋ አለው ታዲያ?

አንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይሄን ስለው «ችግር የለም፣ ዊንዶውስ እንጭንበታለን» አለኝ። ይቻላል፣ ቫልቭም አይከለክልም። ግን ያን ጊዜ ስቲም ማሽን አይደለም የገዛሁት፣ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ለኮምፒውተርማ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ግራፊክስ ካርድ ብሰካበት ይሻለኛል። ሲበላሽ ሁሉ ነገሩ እዚሁ ፒያሳ ይገኛል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ አፕዴት ላድርግ ብሎ ግጥሚያ መሐል የሚያቋርጠኝ ነገር አልፈልግም። ልጁ ሳቀ። «ብሮ፣ አንተ ደሞ ታካብዳለህ» አለኝ።

ሌላው የማውረዱ ነገር ነው። ስቲም ማሽን ዲስክ ማስገቢያ የለውም። ጌሙ ሁሉ ከኢንተርኔት ይወርዳል። አሁን 100 ጊጋ የሚሞላ ጌም ብርቅ አይደለም። ክፍያውም በውጭ ካርድ ነው፣ እሱንም ወንድሜን መለመን ነው። እዚህ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ያልነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ቤቴን ያቆዩት ዲስክና ሃርድ ዲስክ ናቸው። ስቲም ያለ ኢንተርኔትም ያጫውታል፣ አንዴ ገብተህ ካስተካከልከው። አዲስ ጌም ማምጣት ግን አይታሰብም። ጓደኛዬ ጌም ዲስክ ሲገዛ እዋሳለሁ፣ እኔም አውሰዋለሁ። የስቲምን አካውንት እንዲህ በኪስ ይዘህ አትዞርም።

ከሦስቱ ዕቃዎች ልቤን የወሰደው ኮንትሮለሩ ነው። ይሄን ስል ልጆቹ ይገረማሉ። ጌም ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚሞተው ማሽኑ አይደለም፣ ጆይስቲክ ነው። ሜሲን ሳትነካው ወደ ግራ መሄድ ይጀምራል። ከፍተህ ብታየው በአውራ ጣት የሚገፋው አናሎግ ውስጥ ያለችው ቀጭን የካርቦን ንጣፍ በፍትጊያ ተበልታለች። አዲሱ ስቲም ኮንትሮለር ላይ እርስ በርሱ የሚፋተግ ነገር የለም፣ አናሎጉ በማግኔት ነው የሚያነበው። የሚፋቅ ከሌለ የሚያልቅ የለም። ችግሩ ይሄም ከስቲም ጋር ብቻ ነው የሚሠራው፣ ፒኤስ ፎር ላይ አይገጥምም።

ግን ለፒኤስ ፎር ጆይስቲክ የሚሆን ማግኔት አናሎግ ለብቻው ይሸጣል። አሮጌውን በብየዳ አውርደህ እሱን ትተካለህ። እግሮቹ ብዙ ናቸው፣ ቆርቆሮውን ሳትመጥ ብትጎትተው ቦርዱን ይዘህ ትነሳለህ። ወንድሜን ያዘዝኩት ይሄን ነው። አንድ ከረጢት ማግኔት አናሎግ፣ ጥሩ ቴርማል ፔስት፣ የብየዳ ማውረጃ ሽቦ። «ይሄ ብቻ?» አለኝ። ስቲም ማሽኑን ለራስህ ግዛ፣ ስትመጣ ይዘህ ና፣ ከፍቼ ልየው አልኩት። ለማየትማ እጓጓለሁ።

ስለ ገበያው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጂቲኤ 6 እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2026 ይወጣል ተብሎ ነው ቀን የተቆረጠለት፣ በእኛ ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም.። የሚወጣው ለፒኤስ ፋይቭና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው። ለኮምፒውተር የተባለ ቀን የለም። ስቲም ማሽን ደግሞ ኮምፒውተር ነው። ትልቁ ጌም በሚወጣበት ዓመት ያን ጌም የማይከፍት፣ ፊፋንም የማይከፍት፣ ዋጋውም የማይደጎም ማሽን ይዘህ ገበያ መውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ስቲም ላይ ለዓመታት ጌም ሲያከማች የኖረ ፈረንጅ ይገዛዋል፣ ደስም ይለዋል። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ግን ምን ብሎ ይግዛ?

ለነገሩ የማራኪ ልጆችም ስቲም ማሽንን መርሳት ጀምረዋል። አሁን የያዙኝ ሁለተኛ ፒኤስ ፋይቭ ለጂቲኤ እንድጨምር ነው። ያገለገለ እያፈላለግሁ ነው፣ ባለ ዲስኩን። ጭቅጭቁ በሂሳቡ ላይ ነው። ጂቲኤ ላይ ተሸናፊ የሚባል የለም፣ ስለዚህ በሰዓት ነው የማስከፍለው አልኳቸው። እነሱ በግማሽ ሰዓት ይሁን ይላሉ። እስካሁን አልተስማማንም።